የቆመ ብስክሌትና የሚሮጥ ቤተ ሰብ

ቴአትር ብዙ ነገር ሊያሳየን ይችላል። ንጉሥን በዙፋኑ፥ ዳኛን በወንበሩ፥ ሙሽራን በጫጕላው፥ ሕመምተኛን በአልጋው አድርጎ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ያቀርብልናል። ሩጫን ግን እንዴት አድርጎ ያሳያል? ጉግስ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ጉግሰኛ ፈረሱን ይዞ በቴአትር መድረክ ላይ ልጫወት ቢል፥ ገና ልጓሙን ሳይለቅ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። የብስክሌት እሽቅድምድምም እንደዚሁ ነው፤ መንገድ፥ ዳገት፥ ቍልቍለት፥ ነፋስና ብዙ ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ ከመጋረጃና ከመብራት መካከል የሚገባ አይመስልም።

ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በ2014 ዓመት አራት ተጫዋቾች ብቻ ያሉበት አንድ ትንሽ ጓድ ይህን የማይመስለውን ነገር አድርጎ አሳየ። ቴአትሩ «ቤሪል» ይባላል። የሚናገረውም በዚያው ከተማ ተወልደው በብስክሌት እሽቅድምድም የዓለምን ሴቶች፥ አንድ ቀንም የአገራቸውን ወንዶች ስለ ቀደሙት ስለ ወይዘሮ ቤሪል በርተን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ይህን ነገር ስለ ስፖርት በሚጻፍበት ዓምድ ሳይሆን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የወይዘሮ ቤሪልን ታሪክ በሚገባ የመረመረ ሰው፥ ነገሩ የመንኮራኩርና የሰዓት ብቻ አለመሆኑን ይረዳዋል። ይልቁንም በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከፍ ሲል ሌሎቹ ምን ይሸከማሉ? ክብሩስ የማን ነው? ልጅ እናቷን የቀደመች ቀን ምን ይሆናል? የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። ይህም ጥያቄ ሚስትና ልጅ ያለውን ሰው ሁሉ የሚነካ ነው።

የቴአትሩ ደራሲ በቦልተን ከተማ የተወለዱት ስመ ጥሩ ተዋናይ ማክሲን ፒክ ናቸው። ወይዘሮ ቤሪል በ1986 ያሳተሙትን የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አንብበው፥ ይህን ያህል ሥራ የሠራች ሴት በአገሯ ሰው ዘንድ እምብዛም አለመታወቋን በመመልከት፥ ታሪኳን በድርሰት ሊያወጡት ተነሡ። መጀመሪያም በ1912 ሳይሆን በእኛው ዘመን፥ በ2012፥ በእንግሊዝ ራዲዮ የሚሰማ ድርሰት አድርገው አቀረቡት። ስሙንም በሁለት መንኮራኩር ላይ የሆነ የፍቅር ታሪክ ብለው ሰየሙት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመድረክ አዘጋጁት፤ ለመድረክ የጻፉትም የመጀመሪያ ሥራቸው ይኸው ነበረ። ቴአትሩ የታየበት ጊዜ ደግሞ የተመረጠ ነበር። በፈረንሳይ አገር በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ የብስክሌት እሽቅድምድም፥ ቱር ደ ፍራንስ የተባለው፥ በ2014 ጁላይ 5 ቀን የተነሣው ከሊድስ ከተማ ስለ ነበረ፥ ከተማው በሙሉ ስለ ብስክሌት ሲነጋገር ይህ ጓድ የራሳቸውን የከተማቸውን ልጅ አስታወሳቸው። በሚከተለው ዓመትም ቴአትሩ ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች እየተዘዋወረ ታየ።

አሁን ወደ መድረኩ እንመለስ። ብስክሌቶቹ የእውነት ብስክሌቶች ናቸው፤ ነገር ግን በማቆሚያ ላይ ስለ ተተከሉ፥ መንኮራኩራቸው ይዞራል እንጂ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ተጫዋቾቹ በኮርቻው ላይ ተቀምጠው መርገጫውን በእውነተኛ ኃይል ይመቱታል። እንዲህ ባለው ቴአትር መንገዱን የሚሠራው የሰው አካል ነው። ጀርባ ሲጎብጥ ተመልካቹ ነፋስን ያያል፤ ተጫዋቹ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲቆም ዳገትን ያያል፤ ትከሻ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል መታጠፊያን ያያል፤ እግር ዕረፍት ሲያገኝ ቍልቍለትን ያያል። ሐሰተኛ ዕንባ ማፍሰስ የሚችል ተጫዋች ብዙ ነው፤ ሐሰተኛ ላብ ማፍሰስ የሚችል ግን የለም። እየጋለቡ ቃል መናገርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት የምትናገረው ቃል፥ በወንበር ተቀምጣ ከምትናገረው ይልቅ ሳይዘጋጅ ከልብ የወጣ ይመስላል።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ተጫዋቾቹ አራት ብቻ ሲሆኑ፥ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ተጫዋች አሁን ሐኪም ሆኖ ከተናገረ በኋላ፥ ወዲያው ኮቱን ለውጦ የእሽቅድምድም ዳኛ ይሆናል፤ ቀጥሎም ተወዳዳሪ ሆኖ ብስክሌት ላይ ይወጣል። ይህ በገንዘብ ማነስ የመጣ ብልኃት ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ እኛ ደግሞ የማንኛውም ቤት ኑሮ ይህንኑ ይመስላል እንላለን። ሊጥ የምታቦካው እጅ ያችው የሕፃኑን ትኩሳት ትዳስሳለች፤ ያችው የእንግዳውን እግር ታጥባለች፤ ያችው የወሩን ወጪ ትቈጥራለች። የበርተን ቤተ ሰብም በእውነተኛው ኑሮው ሦስት ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ሥራ ይሠራ ነበር።

ወይዘሮ ቤሪል የተወለዱት በ1937 ሜይ 12 ቀን ነው። በ11 ዓመታቸው መገጣጠሚያንና ልብን የሚያጠቃ የሩማቲክ ትኩሳት የተባለ ሕመም ያዛቸው። ለብዙ ወራት በሆስፒታል ተኙ፤ ከዚያም ከአንድ ዓመት በላይ በማገገሚያ ቤት ኖሩ። ከዚያ ሲወጡም ሐኪሞቹ ከባድ ድካም ከሚያመጣ ሥራ እንዲርቁ መከሯቸው። በ15 ዓመታቸው ትምህርታቸውን ትተው በልብስ መስፊያ ፋብሪካ ገቡ። እዚያም ቻርሊ በርተን የሚባለውን ወጣት አገኙ። ሚስተር ቻርሊ ብስክሌት ወዳድ ነበሩና ወጣቷን ወደ ብስክሌት ማኅበር ወሰዷት። መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ስትቀር ከኋላዋ ሆነው ይገፏት እንደ ነበረ፥ በሁለተኛው ዓመት ጎን ለጎን እንደ ሄዱ፥ በሦስተኛው ዓመት ግን እርሷ ከፊት ሆና እርሳቸው እንደ ተከተሏት ሚስተር ቻርሊ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በ1955 ተጋቡ፤ በሚከተለው ዓመት በጃንዋሪ ወር አንዲት ልጃቸው ዴኒዝ ተወለደች።

በዚያ ዘመን ለብዙ ሴት የልጅ መወለድ የሌላው ነገር ሁሉ ፍጻሜ ይመስል ነበር። ለወይዘሮ ቤሪል ግን መጀመሪያ ሆነ። ልጂቱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በሆናት ጊዜ፥ በ1959፥ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ያሸነፉበትም ውድድር ማሳደድ የሚባለው ነው፤ ሁለት ተወዳዳሪዎች በክብ ሜዳ ትይዩ ሆነው ይነሡና አንደኛዋ ሁለተኛዋን ለመድረስ ትጋልባለች። ይህን ውድድር በ1960፥ በ1962፥ በ1963ና በ1966ም አሸንፈዋል። እንዲሁም በ1960 እና በ1967 በጎዳና የሚደረገውን የዓለም ውድድር ስላሸነፉ፥ የዓለም ሻምፒዮንነታቸው በጠቅላላው ሰባት ነው። በአገራቸው ደግሞ በ25፥ በ50ና በ100 ማይል መንገድ የሚመዘነውን የዓመቱን ምርጥ ተወዳዳሪ ማዕርግ ከ1959 እስከ 1983 ድረስ ለ25 ዓመት ሳያቋርጡ ያዙ። ሃያ አምስት ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ተወልዶ፥ አድጎ፥ ተምሮ፥ አግብቶ የራሱን ልጅ የሚያቅፍበት ዘመን ነው።

ስለዚህም ሥራቸው በ1964 የብሪታንያ ኢምፓየር ኒሻን በአባልነት ደረጃ፥ በ1968 ደግሞ ከዚያ ከፍ ባለው በመኰንንነት ደረጃ ተሸለሙ። ነገር ግን ኒሻን ደረትን ያስጌጣል እንጂ ጓዳን አይሞላም። ወይዘሮ ቤሪል ዕድሜያቸውን በሙሉ ያለ ደመወዝ የሚወዳደሩ ስፖርተኛ ስለ ነበሩ፥ እንጀራቸውን የሚያገኙት በጕልበታቸው ነበረ። በሞርሊ ከተማ በኒም ካርላይን እርሻ ላይ የሩባርብ ተክል ሲቈፍሩ፥ ሲነቅሉና ሲሸከሙ ይውሉ ነበር። ሩባርብ ባልትና ከምታውቀው ከመቅመቆ ወገን የሆነ ተክል ነው፤ የሚበላው ጎምዛዛው የቅጠሉ ዘንግ ነው። በዚያ አውራጃ ሥሩን በክረምት ወደ ጨለማ ቤት አግብተው ብርሃን ሳያይ እንዲበቅል ያደርጉታል፤ ብርሃን እንዳያገኘውም በሻማ ይለቅሙታል። የእርሻው ጌታ ሚስተር ካርላይንም ራሳቸው በረጅም መንገድ ውድድር የታወቁ ብስክሌተኛ ነበሩ። የዓለም ሻምፒዮኗ በውጭ አገር አሸንፈው በተመለሱ ማግስት ጭቃ ውስጥ ገብተው ይቈፍሩ ነበር። ብዙ ሰዎች የጕልበታቸው ምንጭ ይኸው እርሻ ነው ይሉ ነበር።

በዓለም ሁሉ ትልቅ በሆነው በኦሊምፒክ ውድድር ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፉም። ምክንያቱም ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፤ በሩ ለሴቶች ብስክሌተኞች ተዘግቶ ስለ ነበረ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው በ1984 ሲሆን፥ ያን ጊዜ ወይዘሮ ቤሪል 47 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሩን በተዘጋበት ዘመን ያንኳኳ ሰው፥ በሩ ሲከፈት የሚገባው እርሱ አይሆንም፤ ከኋላው የሚመጣው ነው።

ከሥራቸው ሁሉ ይልቅ ሰዎች አዘውትረው የሚያወሩት በ1967 ሴፕቴምበር 17 ቀን የሆነውን ነው። ውድድሩ የ12 ሰዓት ውድድር ነበረ። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ተወዳዳሪዎች በአንድነት አይነሡም፤ አንዱ ከሌላው በኋላ በየደቂቃው ይለቀቃል፤ በ12 ሰዓትም ውስጥ ብዙ መንገድ የሄደ ያሸንፋል። ተቃዋሚው ሰው ሳይሆን ሰዓት ነው። አስቀድሞ ወንዶቹ ተነሡ፤ ከወንዶቹም መጨረሻ የተነሡት ሚስተር ማይክ ማክናማራ ነበሩ። ወይዘሮ ቤሪል ከእርሳቸው ሁለት ደቂቃ ዘግይተው ተለቀቁ።

ቀኑ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ወይዘሮ ቤሪል ሚስተር ማክናማራን ደረሱባቸው። ሰውዬው የደከሙ አልነበሩም፤ እንዲያውም በዚያው ቀን የወንዶችን የቀድሞ ክብረ ወሰን ይሰብሩ ነበር። ወይዘሮ ቤሪል በአጠገባቸው ሲደርሱ ዝም ብሎ ማለፍ ከበዳቸው። ስለዚህ እጃቸውን ወደ ልብሳቸው ኪስ ሰደው፥ ሊኮሪስ ከሚባል የእንጨት ሥር የሚሠራ ጥቁርና ነጭ ከረሜላ አውጥተው ዘረጉላቸው። ሚስተር ማክናማራም አመስግነው ተቀበሉና ጎረሱት። ወይዘሮዋም አልፈው ሄዱ። ጊዜው ሲፈጸም ሚስተር ማክናማራ 276.52 ማይል፥ ወይዘሮ ቤሪል 277.25 ማይል ሄደው ተገኙ፤ ይህም በኪሎ ሜትር 446 ያህል ነው። አንዲት ሴት በዚህ ርቀት ከአገሯ ወንዶች ሁሉ በልጣ ተገኘች። ወንዶቹ ይህን ቍጥር ያለፉት ከሁለት ዓመት በኋላ በ1969 ሲሆን፥ ሴቶቹ ግን እስከ 2017 ድረስ 50 ዓመት ሙሉ አልደረሱበትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቍጥሩ ትልቅ ነው፤ ከረሜላው ግን ከቍጥሩ ይበልጣል ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን ሰው ሊያዋርድ፥ ሊዘነጋው፥ ወይም ሊያከብረው ይችላል። የሦስቱም ዋጋ ለአሸናፊው እኩል ነው፤ ለተሸናፊው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በእጅ የሚዘረጋ ትንሽ ነገር፥ አንተም ደክመሃል፥ ድካምህን አይቻለሁ የሚል ትርጕም አለው። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን በልባቸው እንዲያኖሩት እንወዳለን፤ ጥቂት ዝቅ ብለን ያው እጅ ሳይዘረጋ የቀረበትን ቀን እንናገራለንና።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሚስተር ቻርሊ ጥቂት መናገር ይገባናል። እኒህ ሰው ራሳቸው ብስክሌት ወዳድ ሆነው ሳለ፥ ሚስታቸው ከእርሳቸው ይልቅ እንደሚሆንላቸው ባዩ ጊዜ የራሳቸውን ውድድር ወደ ጎን አደረጉ። የሚስታቸውን ብስክሌት የሚጠግኑ፥ መኪና የሚነዱ፥ በመንገድ ዳር ቆመው ውኃና ምግብ የሚያቀብሉ፥ ሕፃኗንም የሚይዙ እርሳቸው ሆኑ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ወንድ ልጅ አቅፎ ሚስቱን በሜዳ ዳር የሚጠብቅበት ነገር የተለመደ አልነበረም። ባል ለሚስቱ ክብር ረዳት ቢሆን የወንድነቱ ክብር ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ አይጠፉም። ነገር ግን ባልና ሚስት ከአንድ ወንዝ ይቀዳል የሚባለው ተረት እውነት ከሆነ፥ በአንዱ እንስራ የሞላው ውኃ ለሁለቱም ያው ነው። የራዲዮው ድርሰት የፍቅር ታሪክ መባሉም ስለዚህ ተገቢ ነው። ፍቅሩ በጣፋጭ ቃል የተገለጸ አይደለም፤ በተቀባ ካቴናና በተነፋ ጎማ የተገለጸ ነው።

ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ዴኒዝ ናት። ሕፃንነቷን በውድድር ሜዳ ዳር ያሳለፈች ልጅ ስለ ሆነች፥ እርሷም ብስክሌተኛ መሆኗ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1975 በማሳደድ ውድድር ከዓለም ሦስተኛ ወጣች። በ1976 ደግሞ በብሪታንያ የሴቶች የጎዳና ሻምፒዮና እናትና ልጅ በአንድ ውድድር ተሰለፉ። እናቲቱ 39 ዓመት፥ ልጂቱ 20 ዓመት ነበሩ። ሁለቱም ከሌሎቹ ተለይተው ከፊት ከሄዱት ጋር ነበሩ፤ መጨረሻው መስመር ላይ ልጂቱ እናቷን ቀደመች። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረት ያን ቀን በእውነት ተፈጸመ። ከዚህ በኋላ ሽልማት ለመቀበል በቆሙበት ስፍራ፥ በሕዝብ ፊት፥ ወይዘሮ ቤሪል የልጃቸውን እጅ አልጨብጥም አሉ።

በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይጽፉ መዝገብ መዝጋት ነውር መሆኑ ነው። እንግዲህ የእናቲቱ ቃል ይህ ነው። በጎዳና ውድድር ከፊት የሚሄድ ሰው ነፋሱን በደረቱ ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚሄደው ግን በእርሱ ተከልሎ ኃይሉን ይቈጥባል። ስለዚህ ከሌሎቹ ተለይተው የወጡ ሰዎች ተራ በተራ ከፊት እየሆኑ ነፋሱን ሊካፈሉት የተገባ ነው። ወይዘሮ ቤሪል ውድድሩን እኔ ደክሜ ሠራሁት፥ ልጄ ግን ድርሻዋን ሳትሠራ በመጨረሻው ቀደመችኝ የሚል ቅሬታ ነበራቸው።

የልጂቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው። የውድድሩ ሕግ መጨረሻውን መስመር አስቀድሞ የረገጠ ያሸንፋል ይላል፤ እርሷም አስቀድማ ረገጠች። ኃይልን ለመጨረሻው ሰዓት መቈጠብም በዚህ ስፖርት የታወቀ ብልኃት ነው እንጂ ማታለል አይደለም። ከዚህም ሁሉ በላይ ይህን ብልኃት ያየችው፥ የተማረችውና ያደገችበት በእናቷ ቤት ነው።

በእኛ አስተያየት ለፍርዱ የሚረዳው ራሳቸው ወይዘሮ ቤሪል የሰጡት ምስክርነት ነው። ከዓመታት በኋላ በመጽሐፋቸው፥ ያን ቀን ያደረጉት ለስፖርተኛ የሚገባ አለመሆኑን፥ በዚያች ሰዓትም እንደ ወትሮው እንዳልነበሩ ጽፈዋል። ስማቸው በዓለም የታወቀ፥ ኒሻን የተሸለሙ ሴት ይህን በገዛ ብዕራቸው ማተማቸው ቀላል ነገር አይደለም። የሰው ስሕተቱ በሕዝብ ፊት ሲሆን ይቅርታውን በጓዳ ማንሾካሾክ የተለመደ ነው፤ እርሳቸው ግን በአደባባይ የሆነውን በአደባባይ አነሡት።

እንግዲህ ለማያውቁት ለሚስተር ማክናማራ ከረሜላ የዘረጋችው እጅ፥ ለገዛ ልጇ እንዴት ታጠፈች? ነገሩን ባሰብነው መጠን መልሱ ከባድ አይሆንም። ባዕድ ሲሸነፍልን ቸር መሆን ይቀላል፤ የገዛ ወገናችን ሲያሸንፈን ግን ቸርነት ዋጋ ያስከፍላል። ወይዘሮ ቤሪል በዓለም ላይ ላለ ተቃዋሚ ሁሉ ተዘጋጅተው ነበር፤ በማዕዳቸው ዙሪያ ለተቀመጠው ተቃዋሚ ግን አልተዘጋጁም ነበር። ይህም በእርሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። ልጁ ከእርሱ የተሻለ ጽሕፈት ሲጽፍ ፊቱ የሚጠቍር አባት፥ ምራቷ የጋገረችው ሲመሰገን ዝም የምትል አማት፥ ያስተማረው ደቀ መዝሙር ሲሾም የሚያዝን መምህር በየአገሩ አለ። ልጆቻችን እንዲበልጡን እንመኛለን፤ ምኞታችን የተፈጸመ ቀን ግን እጃችንን በኪሳችን እንይዛለን።

ደግነቱ ታሪኩ በዚያ መድረክ ላይ አልተቋጨም። በ1982 እናትና ልጅ ሁለት ሰው በሚጋልበው በአንድ ብስክሌት ላይ ፊትና ኋላ ተቀምጠው የ10 ማይል መንገድ በ21 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ በመፈጸም የብሪታንያን ክብረ ወሰን ያዙ። የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ጠባይ ልብ የሚባል ነው። ሁለቱ መርገጫዎች በካቴና የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ሊያርፍ አይችልም፤ መሪውን የሚይዘው ከፊት ያለው ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለውም መንገዱን ሳያይ ያምናል። መጨረሻውን መስመር ማን አስቀድሞ ረገጠ የሚል ክርክርም በእርሱ ላይ አይነሣም። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንደሚባለው፥ በ1976 ያልተጨበጠችው እጅ ከስድስት ዓመት በኋላ በዚህ ብስክሌት ላይ ምላሽ አገኘች ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ወይዘሮ ቤሪል ያረፉት በ1996 ሜይ 5 ቀን ነው። 59ኛ የልደት ቀናቸው ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበረና፥ ለበዓሉ የጥሪ ወረቀት ለማደል በብስክሌት ሲሄዱ ልባቸው ቆመ። በ11 ዓመታቸው ሐኪሞች እንዲጠነቀቁለት የነገሯቸው ያ ልብ ከዚያ በኋላ 47 ዓመት አገለገላቸው። በሞርሊ ከተማ በስማቸው የተሰየመ የአትክልት ስፍራ አለ።

አሁን በመጨረሻ ስለ ቴአትሩ ጥቅም ጥቂት እንበል። ስለ ወይዘሮ ቤሪል ሐውልት ቢቆም አንዲት ሴት ብቻ ባየን ነበር። የአሸናፊዎች ስም በተጻፈበት መዝገብም የሚገኘው የእርሳቸው ስም ብቻ ነው፤ ጎማ የነፋው፥ ሕፃን የያዘው፥ ከጎን የሮጠው ሰው ስም በዚያ አይጻፍም። በመድረክ ላይ ግን ብስክሌቱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ፥ የተመልካቹ ዓይን መንገዱን ተከትሎ አይሄድም፤ በብስክሌቱ ዙሪያ ባሉት ሰዎች ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ መንኮራኩሩን የሚያዞረው የአንድ ሰው እግር ብቻ አለመሆኑን ያስተውላል። በእውነተኛው ውድድር አሸናፊዋ በአጠገባችን ስታልፍ የምናያት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ በቆመው ብስክሌት ላይ ግን ቤተ ሰቡን በሙሉ ለማየት ጊዜ እናገኛለን።

ስለዚህ በየቤታችን አንድ ሰው በሹመት፥ በትምህርት፥ በንግድ ወይም በጥበብ ከፍ ባለ ጊዜ፥ ምስጋናውን ለእርሱ ብቻ አንስጥ። የደገፈውን ባል፥ የታገሠችውን ሚስት፥ ድርሻውን ዝም ብሎ የሠራውን ወንድም በስሙ ጠርተን እናመስግን። ከፍ ያለውም ሰው ራሱ ይህን ከማንም አስቀድሞ ይናገር። ይልቁንም ልጃችን በልጦን የተገኘ ዕለት፥ ልባችን ቢከብደን እንኳ፥ እጃችንን ፈጥነን እንዘርጋለት። ልብ ዘግይቶ ቢከተል ነውር የለበትም፤ እጅ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቢዘረጋ፥ የሚጠብቀው ልጅ ከዚያ ስፍራ ወርዶ ሄዷል።